መርፌው ጉልበቱ ውስጥ ገብቶ ነበር ወይስ ስቶ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«እናቴ 64 ዓመታቸው ነው። ቀኝ ጉልበታቸውን ማመም ከጀመራቸው ሦስት ዓመት አልፏል። ራጅ ተነስተው የጉልበታቸው ልም አጥንት ሳስቷል ተባሉ። ከሁለት ወር በፊት አንድ ሐኪም ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ጉልበታቸውን በእጅ ዳስሰው፣ ከፊት በኩል የኮርቲሶን መርፌ ወጓቸው። ለሁለት ሳምንት ያህል ቀለል አላቸው። ከዚያ ሕመሙ ተመለሰ። አሁን ሌላ ሐኪም ጋ ስንሄድ ‹ያኔ መርፌው ስቶ ነው፣ በአልትራሳውንድ እያየን እንድገመው› አሉን። እውነት ስቶ ይሆን? ያለ አልትራሳውንድ መወጋት ከንቱ ነው ማለት ነው?»

ስቶ ሊሆን ይችላል። ከነገሩኝ ታሪክ ተነስቶ ግን «ስቷል» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ለሁለት ሳምንት ቀለል ብሎ መመለስ የኮርቲሶን የተለመደ ጠባይ ነው። መድኃኒቱ በትክክል ገብቶም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለተኛው ሐኪም ምናልባት ትክክል ናቸው፣ ምናልባትም አይደሉም። ከሁለት ወር በኋላ ይህን ለይቶ ሊነግረን የሚችል ምርመራ የለም።

ስለ መሳት ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ታካሚ አይጠይቀውም። ብዙ ሐኪምም፣ እኔን ጨምሮ፣ በወጣትነቱ አይጠይቀውም።

መጀመሪያ «ውስጥ» የምንለው ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። ጉልበት ከውጭ ሲታይ ትልቅ ነው። ስለዚህ መርፌ ወግቶ መሳት የማይታሰብ ይመስላል። መርፌው የሚፈልገው ቦታ ግን ጠባብ ነው። መገጣጠሚያው በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ከረጢት ነው ብለው ያስቡት። ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ያለው ፈሳሽ በጣም ትንሽ ነው፣ ጥቂት ጠብታ ቢሆን ነው። ስለዚህ የከረጢቱ ግድግዳዎች እርስ በርስ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት፤ ልክ እንዳልተነፋ ፊኛ። የመርፌው ጫፍ በእነዚህ ሁለት ግድግዳዎች መካከል መቆም አለበት። ትንሽ ካነሰ ከከረጢቱ ውጭ ስብ ውስጥ ይቀራል። ትንሽ ካለፈ አጥንት ይነካል።

ጉልበቱ «ውሃ ከቋጠረ» ነገሩ ይለወጣል። ፊኛው ተነፍቷል። መርፌው ሲገባ ፈሳሹ ወደ ሲሪንጁ ይመጣል። ያኔ ማንም መጠራጠር አያስፈልገውም፣ ውስጥ ነን። ስለ መሳት የምናወራው ባብዛኛው ስለ ደረቅ ጉልበት ነው። እናትዎ ያኔ እብጠት እንደነበራቸውና ፈሳሽ ተቀድቶላቸው እንደሆነ ቢያስታውሱ ጥያቄዎ እዚያው ግማሹ ይመለሳል።

አሁን ወደ መንገዶቹ። መርፌው ወደ ጉልበት የሚገባባቸው በሮች ብዙ ናቸው። በዋናነት የምንጠቀመው ግን ሦስት አካባቢ ነው። ከጉልበት ፊት ያለችውን ክብ አጥንት፣ ሎሚዋን፣ በጣትዎ ይንኩ። እግርዎን ዘርግተው፣ ጡንቻዎን ዘና ካደረጉት ሎሚዋ ወዲያና ወዲህ ትንቀሳቀሳለች። የመጀመሪያው በር ከሎሚዋ የላይኛው ጥግ በውጭ በኩል ነው። ውጭ ስል ከሌላኛው እግር የራቀውን ጎን ማለቴ ነው። ታካሚው ይተኛል፣ እግሩ ይዘረጋል፣ ከጉልበቱ ሥር ትንሽ ጥቅልል ይደረጋል። መርፌው ከሎሚዋ ሥር ገብቶ፣ ከሎሚዋ በላይ ወዳለው የከረጢቱ ኪስ ያመራል። ሁለተኛው በር በዚያው በውጭ በኩል ነው፣ ግን በሎሚዋ ወገብ ትይዩ። ሐኪሙ ሎሚዋን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ክፍተቱን ይከፍትና በሎሚዋና በጭን አጥንት መካከል ይገባል። ሦስተኛው የፊት በር ነው። ታካሚው ይቀመጣል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ መርፌው ከሎሚዋ በታች ከወፍራሙ ጅማት ግራ ወይም ቀኝ ይገባል። እናትዎ የተወጉት በዚህ ይመስለኛል።

በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ዳግላስ ጃክሰንና ባልደረቦቹ አንድ ቀላል ግን ደፋር ነገር አደረጉ። አንድ ልምድ ያለው ሐኪም ውሃ ያልቋጠሩ ጉልበቶችን 240 ጊዜ እንዲወጋ ተደረገ። በየበሩ 80 ጊዜ። ከዚያ በተንቀሳቃሽ ራጅ፣ ቀለም ተጨምሮ፣ መርፌው የት እንደቆመ ታየ። በሎሚዋ ወገብ በውጭ በኩል የተወጉት 93 ከመቶው ውስጥ ነበሩ። ከፊት በውስጥ በኩል የተወጉት 75 ከመቶ፣ ከፊት በውጭ በኩል የተወጉት ደግሞ 71 ከመቶ። ልብ ይበሉ፣ የሚወጋው አንድ ሰው ነው። እጁ ያው ነው፣ ልምዱ ያው ነው። የተለወጠው በሩ ብቻ ነው። በፊት በር ከአራት መርፌ አንዱ ያህል ውጭ ቀርቷል።

ይህን ጥናት መጀመሪያ ያነበብኩት ስፔሻላይዜሽን ላይ ሳለሁ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አላለኝም። እኔ የተማርኩት ከፊት መውጋት ነበር። ቀላል ነው፣ ታካሚው ተቀምጦ ነው፣ ምልክቱ በዓይን ይታያል፣ ወረፋውም ቶሎ ያልቃል። አንድ ቀን አንዲት እናት ከፊት ስወጋቸው «ልጄ፣ ይሄ እኮ ቆዳዬ ሥር እያቃጠለኝ ነው» አሉኝ። መርፌውን ስገፋው ሲሪንጁ ከበደኝ። እኔ ግን ጠንከር አድርጌ ጨረስኩት። ከሎሚዋ በታች ትንሽ ጉብ ያለ ነገር ወጣ። ያ ምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። መድኃኒቱ በሙሉ ስብ ውስጥ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከሎሚዋ በታች፣ ከጅማቱ ጀርባ፣ ወፍራም የስብ ትራስ አለ። የፊት በር በዚህ ትራስ ውስጥ ማለፍ አለበት። መርፌው አጭር ከሆነ ወይም ታካሚው ወፈር ያሉ ከሆነ እዚያው ይቀራል። ስብ ደግሞ በነርቭ የተሞላ ነው፣ ሲወጋ ያማል። መርፌው ረዥም ከሆነና በጣም ከገባ ደግሞ በጉልበት መሃል ያሉትን የተጠላለፉ ጅማቶች ሊነካ ይችላል።

ታዲያ የፊት በር ለምን አልተዘጋም? አንዳንድ ሰው እግሩን መዘርጋት አይችልም። አንዳንዱ ጉልበት በሎሚዋ ሥር ያለው ልም አጥንት ፈጽሞ አልቆ፣ አጥንቱ ጠርዝ ጠርዙን አብቅሎ፣ የጎን በር ተዘግቷል። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ታካሚን አልጋ ላይ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ለእነዚህ ፊት ለፊት መግባት ትክክለኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሐኪም «ተሳስተዋል» ብዬ መፍረድ አልችልም፣ የእናትዎን ጉልበት ያዩት እሳቸው ናቸው። በደረቅና በሚዘረጋ ጉልበት ላይ ግን እኔ ዛሬ ከላይ በውጭ በኩል እገባለሁ። ከፊት የምወጋው ምክንያት ሲኖረኝ ነው።

ሐኪሙ መግባቱን በምን ያውቃል? ፈሳሽ ከመጣ አበቃ። ካልመጣ ሌሎች ምልክቶች አሉ። መድኃኒቱ ያለ ግፊት ይፈሳል፣ ሲሪንጁ አይከብድም። ቆዳ ሥር ጉብ አይልም። አንዳንዶቻችን ትንሽ ማደንዘዣ ቀድመን እየገፋን እንሄዳለን፣ ድንገት ሲቀል ከረጢቱን እንዳለፍን እናውቃለን። እነዚህ ሁሉ ይረዳሉ፣ ግን ማረጋገጫ አይደሉም። ስብም አንዳንዴ ለስላሳ ነው። እጅ ያታልላል። «ገብቻለሁ» የሚል ስሜትና መግባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አልትራሳውንድ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። መሣሪያው ኪሱን ያሳያል፣ መርፌውን ያሳያል፣ መድኃኒቱ ሲፈስ ኪሱ ሲነፋ ያሳያል። ጨረር የለውም። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ በአልትራሳውንድ የተወጉ ጉልበቶች ወደ 96 ከመቶ፣ በእጅ ዳሰሳ የተወጉት ወደ 78 ከመቶ በትክክል ገብተው ተገኝተዋል። ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም።

ግን መሣሪያው በሩን አይተካም። በሌላ ንጽጽር ሁሉም መርፌዎች በአልትራሳውንድ እየታዩ ከሦስት ቦታ ተወጉ። ከላይ በውጭ በኩል የተወጉት ሁሉም ገቡ፣ በውጭ ወገብ በኩል ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም። ከውስጥ በኩል የተወጉት ግን ከአራት አንዱ ያህል ሳተ። ስክሪን እያዩ መሳት ይቻላል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ሐኪም የምጠይቃቸው «መሣሪያ አለዎት ወይ?» ብዬ ብቻ አይደለም። «ከየት በኩል ነው የሚገቡት?» የሚለውንም እጠይቃለሁ። በደንብ የሚሠራ እጅ ከላይ በውጭ በኩል ሲገባ፣ ያለ መሣሪያም ከመጥፎ በር በመሣሪያ ከገባ ሰው ሊበልጥ ይችላል።

እስካሁን ያወራነው ስለ መግባት ነው። ታካሚው ግን የሚመጣው ሕመሙ እንዲቀልለት ነው። መርፌው በትክክል ገባ ማለት ሰውየው ተሻለው ማለት ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ደብዘዝ ይላል።

በ2010 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተደረገ አንድ ጥናት አለ። የተደረገው የመገጣጠሚያ ቁጣ፣ ማለትም ብግነት፣ ባለባቸው ታካሚዎች ላይ ነው፣ ጉልበት ብቻም አልነበረም። 184 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ በአልትራሳውንድ፣ ግማሹ በዳሰሳ ተወጋ። በአልትራሳውንድ 83 ከመቶ፣ በዳሰሳ 66 ከመቶ ገባ። የሚገርመው፣ በመሣሪያ የወጋው ገና በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም ነበር፣ በዳሰሳ የወጉት ደግሞ ከእሱ የበለጠ ልምድ ያላቸው። ይህን ሳነብ ትንሽ ፈገግ ብያለሁ፣ ትንሽም አፍሬያለሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግን ሁለቱ ቡድኖች ያላቸው መሻሻል ያን ያህል አልተለያየም። በሌላ በኩል፣ በየትኛውም መንገድ ይሁን፣ መርፌው በትክክል የገባላቸው ሰዎች ካልገባላቸው ይልቅ መገጣጠሚያቸውን መጠቀም ቀሎላቸው ነበር።

ሁለቱ ውጤቶች እንዴት አብረው ይሄዳሉ? መግባት ይረዳል። የሚጨምረው ጥቅም ግን ሁለት ቡድኖችን አወዳድሮ በቀላሉ የሚታይ ያህል ትልቅ አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ ስቴሮይድ (ኮርቲሶን የሚመደብበት የመድኃኒት ዓይነት) ሳይገባም ይሠራል። ከከረጢቱ ጥግ ቢቀመጥ ወደ ከረጢቱ ሊሰርግ ይችላል፣ ወደ ደምም ገብቶ ቁጣውን በመጠኑ ያበርዳል። ደግሞ የጉልበት ሕመም ማዕበል ነው። ሰው መርፌ የሚወጋው ማዕበሉ ሲያይል ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ባይደረግ እንኳ ትንሽ ይወርዳል። መርፌ መወጋት በራሱ፣ ጨው ውሃም ቢሆን፣ ለብዙ ሰው ሕመም ይቀንሳል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ሲያዩ፣ ሁለት ሳምንት የተሻላቸው እናትዎ መድኃኒቱ ገብቶላቸውም ሆነ ስቶባቸው ያንኑ ታሪክ ሊነግሩዎት ይችላሉ።

ስለ ጄል ግን ሐሳቤ ሌላ ነው። ጄል የምንለው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፣ ወፍራምና ዝልግልግ። በደም ገብቶ አይሠራም። የመጣው ከረጢቱ ውስጥ እንዲቀመጥ ነው። ውጭ ከቀረ ጥቅም የለውም፣ ጉልበቱንም ለቀናት ሊያሳብጥ ይችላል። ስለዚህ ጄል የሚወጋ ሐኪም የበሩንም የመሣሪያውንም ነገር በቁም ነገር ቢያየው ይሻላል። ጄሉ ራሱ ምን ያህል ይረዳል የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪሞች) ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. መመሪያው ለጉልበት ጄልን ከመምከር ይልቅ ወደ አለመጠቀም አዘንብሏል። ከራስ ደም ተወስዶ ስለሚወጋው ፕሌትሌት (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሴሎች)፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት አለ። 288 ሰዎች ነበሩ፣ የተወጉት በአልትራሳውንድ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ፕሌትሌት የተወጉት ጨው ውሃ ከተወጉት ያን ያህል አልተሻላቸውም። መርፌው በትክክል ገብቶ እንኳ ማለት ነው።

ኮርቲሶንም ከዚህ ዓይነቱ ጥያቄ አያመልጥም። ኮርቲሶንን ጉልበት ውስጥ መውጋት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም፣ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ግን አንድ አስደንጋጭ ጥናት ወጣ። 140 ሰዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው በየ12 ሳምንቱ ለሁለት ዓመት ተወጉ። ግማሹ 40 ሚሊግራም ትሪያምሲኖሎን የተባለ ስቴሮይድ፣ ግማሹ ጨው ውሃ። ሁሉም በአልትራሳውንድ ነው የተወጉት። በሕመም ሁለቱ አልተለያዩም። ልም አጥንታቸው ግን ስቴሮይድ በወሰዱት ላይ የበለጠ ሳሳ፣ በአማካይ 0.21 ሚሊሜትር፣ በሌሎቹ ላይ ደግሞ 0.10 ሚሊሜትር። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሕመሙ የተለካው በየሦስት ወሩ፣ የሚቀጥለው መርፌ ሊሰጥ ሲል ነበር። ስለዚህ በመካከል ለጥቂት ሳምንታት ተሽሏቸው ይሆናል፣ ጥናቱ አላየውም። እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው። ኮርቲሶን ለጥቂት ሳምንታት እፎይታ ነው። በቀጠሮ እየተደጋገመ የሚወሰድ ሕክምና ሲሆን ግን አይመቸኝም።

ወደ እናትዎ ልመለስ። መርፌው ሳይስትም የማይሠራበት ምክንያት ብዙ ነው። በመጀመሪያ የማየው ሕመሙ በእርግጥ ከጉልበት መገጣጠሚያ መምጣቱን ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ሲበላሽ ሕመሙን ወደ ጉልበት የመላክ ልማድ አለው። ጉልበቱን ደጋግመን ወግተን፣ በኋላ ዳሌውን ራጅ ስናነሳ «አይ አንተ!» ያልንባቸው ሰዎች አሉ። እናትዎ ጫማ ሲያስሩ ወይም እግራቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ ብሽሽታቸው የሚያማቸው ከሆነ፣ ዳሌያቸው መታየት አለበት። ሌላው፣ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ በውስጥ በኩል ጅማቶች የሚያርፉበት ቦታ አለ። እዚያ በጣት ሲጫን «እዚሁ ነው!» ብለው የሚጮኹ ከሆነ፣ ችግሩ ከከረጢቱ ውጭ ነው። ያኔ ጉልበት ውስጥ የገባው መርፌ በትክክል ገብቶም ባዶ ቦታ ነው የመታው።

ለማወቅ የሚረዳ አንድ ትንሽ ዘዴ አለ። ከኮርቲሶኑ ጋር ማደንዘዣ ከተጨመረ፣ ከመርፌው በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ሕመሙ ጥፍት ይላል ወይ? ካለ፣ መድኃኒቱ ትክክለኛ ቦታ ደርሷል፣ ሕመሙም ከዚያው ነው የሚመጣው ማለት ነው፣ ቢያንስ በአብዛኛው። ሁለት ወር ያለፈ ነገር ስለሆነ እናትዎ ላያስታውሱት ይችላሉ። ቀጣዩ መርፌ ከመጣ ግን ሰዓቱን እየጻፉ እንዲያስተውሉት ይንገሯቸው። ይህ ሐኪሙን ከብዙ መላምት ያድናል።

እንግዲህ ሁለተኛው መርፌ ይደረግ ወይስ ይቅር? አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ቀለል ያላቸው ሰው፣ ጉልበታቸው አብጦ ወይም ቁጣ ይዞት ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ቢደግሙ ቅር አይለኝም። ከመጀመሪያው ቢያንስ ሦስት ወር ከሞላ በኋላ ይሁን። እናትዎ ከተወጉ ገና ሁለት ወራቸው ነው። እኔ በሦስት ወር ልዩነትም ቢሆን በዓመት ከሦስት ወይም ከአራት አላልፍም፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች አቆማለሁ።

በአልትራሳውንድ ይሁን ለሚለው፣ መሣሪያው በቅርብ ካለና ሐኪሙ የለመዱት ከሆነ ይሁን። ለእናትዎ በተለይ፣ የመጀመሪያው ከፊት ስለተወጋና ውጤቱ ስላጠረ፣ ሁለተኛው እየታየ ቢደረግ ቢያንስ «ስቶ ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ ይቀራል። ይህ ራሱ ዋጋ አለው። ከዚያ ካልሠራ፣ አልሠራም ማለት ነው፣ ወደ ሌላ ነገር እንሄዳለን። ወፈር ያሉ ታካሚዎች፣ ጉልበታቸው የተጣመመ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ ወይም ጄል የሚወጉ ሰዎችም በመሣሪያ ቢወጉ እመርጣለሁ። ዳሌ ከሆነ ጭራሽ በዳሰሳ አልወጋም፤ ከላይ ያነሳሁት የሩማቶሎጂ ማኅበርም ለዳሌ አልትራሳውንድን በጥብቅ ይመክራል። ጉልበት ግን መሣሪያ ባለመኖሩ ብቻ መርፌ የሚከለከልበት ቦታ አይደለም። ከላይ በውጭ በኩል፣ እግር ተዘርግቶ፣ በቂ ርዝመት ባለው መርፌ፣ ጥሩ እጅ ካለ አብዛኛው ይገባል።

ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ጉልበቱ ፈሳሽ አለው ወይ? ካለ መጀመሪያ ይቀዳ፣ ቀለሙም ይታይ። የደፈረሰ ከሆነ መድኃኒት ሳይገባ ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ፣ ምክንያቱም ኢንፌክሽን ባለበት ጉልበት ላይ ስቴሮይድ መውጋት እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ከየት በኩል ነው የሚገቡት? ለእናትዎ ጉልበት ያ በር ለምን ተመረጠ? ሦስተኛው፣ ከዚህ በኋላስ ምን እናደርጋለን?

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት 156 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ግማሹን ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ ግማሹን ወደ ኮርቲሶን መርፌ ላከ። ከዓመት በኋላ ፊዚዮቴራፒ ያደረጉት ሕመማቸውም እንቅስቃሴያቸውም የተሻለ ነበር። መርፌው እናትዎ የጭናቸውን ጡንቻ ማጠንከር እንዲጀምሩ የሚያስችል ፋታ ነው። ሁለቱ ሳምንት ቀለል ሲላቸው ምን አደረጉ? ብዙ ሰው ቀለል ሲለው ያረፈበትን ሥራ ሁሉ ይመልሳል፣ ሕመሙም ይመለሳል። ይህንን ከመርፌው ቦታ ይልቅ ደጋግሜ እጠይቃለሁ።

ጥቂት ጥንቃቄ ልጨምርና ላብቃ። እናትዎ ስኳር ካለባቸው ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት ስኳራቸው ከፍ ይላል። ደጋግመው ይለኩ። በመጀመሪያው ቀንና ሁለተኛው ቀን ጉልበታቸው ከበፊቱ የባሰ ሊያማቸው ይችላል፣ ያን ብዙ ጊዜ በረዶና እረፍት ያበርደዋል። ፊታቸው ቢቀላም አይደንግጡ፣ ያልፋል። ጉልበት የመቀየር ቀዶ ሕክምና በቅርቡ ታስቦ ከሆነ ለቀዶ ሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፣ ከቀዶው በፊት ባሉት ሦስት ወራት የሚሰጥ ስቴሮይድ የኢንፌክሽን አደጋን ይጨምራልና። ከሁለት ወይም ሦስት ቀን በኋላ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየጨመረ ከሄደ፣ ጉልበቱ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው፣ መቼና ከየት በኩል እንደተወጉም ይንገሩ።